ፓኖራማ በሐዋሳ፦ ከታቦር ተራራ እስከ ኮምፒውተሩ ስፌት

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ለመጥለቅ አትዘገይም። ከምድር ወገብ የምንርቀው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ፀሐይ የምትወርደው እያዘመመች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ዲግሪ ለመውረድ 4 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። የራሷ ክብ ስፋት ግማሽ ዲግሪ በመሆኑ፣ የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ከነካበት ቅጽበት እስክትሰወር ድረስ ያለው ጊዜ ከ2 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከእኛ ወደ ሰሜን በራቁ አገሮች የተዘጋጁ የፎቶግራፍ መመሪያዎች «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ለስላሳ የብርሃን ጊዜ እነርሱ ዘንድ እውነትም ሰዓት ይሞላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከግማሽ ሰዓት በታች ነው።

ይህን ሳላውቅ ነበር ፓኖራማ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከተነሱ ፎቶዎች የሚሰፋ አንድ ሰፊ ምስል፣ ለማንሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራዬን ይዤ ታቦር ተራራ ላይ የወጣሁት። ቦታ ስመርጥ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ስዘረጋ፣ ሌንስ ስቀያይር ፀሐይዋ ገባች። በችኮላ ያነሳኋቸውን 14 ፎቶዎች ቤት ወስጄ ሳገጣጥማቸው ሰማዩ እንደ ጥለት መስመር በመስመር ሆኖ ወጣ፤ አንዱ ቁራጭ ፈካ ያለ፣ ቀጥሎ ያለው የጠቆረ፣ ሦስተኛው ወደ ሰማያዊ የሄደ። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ትቼው ስለነበር በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የተለየ ውሳኔ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በአንድ ደንብ ነው፦ ውሳኔው ሁሉ ብርሃኑ ሳይመጣ ያልቃል፤ ማንሳቱ ራሱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚረዳ ነው።

ቦታውን ቀን ላይ ማጥናት

ከተማችን በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለተቆረቆረች ጠዋት ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ትወጣለች፤ ማታ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ትጠልቃለች። ስለዚህ ጠዋት ከዳርቻው ወደ ሐይቁ ስንመለከት ብርሃኑ ከኋላችን መጥቶ ጀልባዎቹንና የማዶውን ኮረብታዎች ፊት ለፊት ይመታል። ማታ በተቃራኒው ነገሩ ሁሉ ጥላ ሆኖ ውሃው ብቻ ያበራል።

የመጥለቂያውን ሰዓት በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። በኅዳር መግቢያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ግን እስከ 12 ሰዓት ከ47 ትቆያለች። ከሐይቁ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ደግሞ ከተቀመጠው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ይሸፍኗታል። እኔ ከመጥለቂያው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሜ ተራራው ላይ እገኛለሁ።

ከታቦር አናት ሆኖ ወደ ሰሜን የቆመ ሰው በግራው ሐይቁን፣ በቀኙ ከተማውን ያገኛል፤ ከኋላው በደቡብ በኩል የአላሙራ ተራራ አለ። ከሐይቁ ባሻገር በሰሜን ምዕራብ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ከፍታዎች ይታያሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ዙሪያ ስለሚገኝ ዓይን ይስገበገባል። ስግብግብነቱን የምንገታው ግን እዚሁ፣ ትራይፖዱ ገና ሳይዘረጋ ነው።

ስፋት ብቻውን ምስል አይሆንም

ብዙ ፓኖራማዎች አንድ ዓይነት ጉድለት አላቸው፤ ሰፊ ናቸው፣ ነገር ግን ዓይን የሚያርፍበት የላቸውም። ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ውሃ፣ በመሃል ቀጭን የመሬት መስመር። ቦታው ላይ ቆሞ ላየ ሰው ግሩም ነው፤ ምስሉን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ባዶ ነው።

እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፦ ምስሉ በግራና በቀኝ በምን ይዘጋል? ጨርቅ ዳርና ዳሩ ካልታጠፈ ይተረተራል፤ ፓኖራማም እንደዚያው ነው። በግራ ጫፍ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የጠቆረ ድንጋይ፣ በቀኝ ጫፍ የኮረብታ ትከሻ ወይም ጎላ ያለ ሕንፃ ካለ ዓይን ወደ መሃል ይመለሳል። ሁለተኛው፦ ከፊት ለፊት እስከ ሩቅ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? ከታቦር ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ከእግራችን ሥር ተነስቶ እየታጠፈ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ውሃውን ከከተማው የሚለየውም እርሱ ነው። ስለዚህ ዳርቻው በምስሉ መሃል ለመሃል ሳይሆን ከግራ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ እንዲወድቅ ሆኜ እቆማለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ከባዱ ነው፦ ምን ልተው? 180 ዲግሪ ማንሳት ስለሚቻል ብቻ ማንሳት የለብንም። ከሰበሰብኳቸው ምስሎች መካከል የምወዳቸው አብዛኞቹ ከ100 እስከ 130 ዲግሪ ያሉ ናቸው።

ይህን ለመወሰን ካሜራ አያስፈልግም። ከካርቶን ላይ ረዥምና ጠባብ መስኮት ቆርጦ በእጅ ይዞ በእርሱ ውስጥ ማየት ይበቃል። ካርቶኑን ከዓይን ማራቅና ማቅረብ የሌንስ ምርጫን ይተካል። እኔ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አለኝ።

መሣሪያው

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ማኑዋል ማስተካከያ (ሁሉንም በእጅ መወሰን የሚያስችል) ያለው ማንኛውም ካሜራ፣ ከ35 እስከ 70 ሚሊሜትር ያለ ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ ከተራራው በጨለማ ለመውረድ የራስ ላይ መብራት፣ የሚቻል ከሆነም አብሮ የሚሄድ ሰው። በጣም ሰፊ ሌንስ አልመክርም፤ የሩቁን ኮረብታ ያኮስሰዋል። የሰማዩን ሰማያዊነት የሚያደምቀው ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ደግሞ ለፓኖራማ ሲሆን መውለቅ አለበት። ማጣሪያው በጣም የሚያጠቁረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለውን ሰማይ ስለሆነ፣ ሰፊ ምስል ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል፤ እርሱን የሚያጠፋ ፕሮግራም አላገኘሁም።

ካሜራውን ማሰር

ካሜራው በራሱ የሚወስናቸውን ነገሮች ሁሉ ከእጁ እንቀማዋለን። በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

1. ካሜራውን ቁም አድርገው፤ የፎቶው ቁመት ከስፋቱ ይብለጥ። ቁም ሲሆን ከላይና ከታች ለመቁረጥ የሚበቃ ትርፍ ይተርፋል። ፋይሉ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚይዘው ጥሬ ፋይል) ይመዝገብ።

2. የትራይፖዱን እግሮች በማስረዘምና በማሳጠር መጀመሪያ መሠረቱን አስተካክል፤ የውሃ ልኩ የሚታየው ከጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን ከመሠረቱ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ መሠረቱ ከዘመመ፣ ካሜራው ሲዞር አድማሱ እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል። ታቦር ላይ ነፋስ ስለማይጠፋ ቦርሳህን ከትራይፖዱ መሃል አንጠልጥለው።

3. ራስ ሰር ማነጣጠሪያውን (ፎከሱን) በሩቁ ዳርቻ ላይ ተጠቅመህ ጥራቱን ያዝ፤ ከዚያ ወደ ማኑዋል መልሰውና ቀለበቱን አትንካ። ትራይፖድ ላይ ሲሆን የንዝረት መከላከያውን አጥፋ።

4. ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በፀሐይ ብርሃን ምልክት ላይ፣ ማለትም 5,500 ኬልቪን አካባቢ እሰረው።

5. አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8። ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት) ለመወሰን ካሜራውን ከምታነሳው ዙሪያ ሁሉ ወደሚበራው ክፍል አዙር፤ ፀሐይዋ ራሷ ካለች ከእርሷ ትንሽ ፈንጠር በል። አንድ ሙከራ አንሳና ሂስቶግራሙን (የምስሉን ብርሃን በግራ ከጥቁር እስከ በቀኝ ነጭ የሚያሳየውን ግራፍ) ተመልከት። ጉብታው የቀኙን ግድግዳ ሳይነካ ቀረብ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ወደ ጨለማው ጫፍ ዞረህ በዚሁ ልክ አንሳ። ጥላው ውስጥ ዝርዝር ከታየ ልኩ ተገኝቷል። ካልታየ ሁለት መንገድ አለ፦ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በ2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ልዩነት ሦስት ሦስት ፎቶ ማንሳት፣ ወይም መጠበቅ። እኔ መጠበቁን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ማዞሩ

ስንት ፎቶ ያስፈልጋል? ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ) ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ቁም ሲሆን 27 ዲግሪ ስፋት ያያል። እያንዳንዱ ፎቶ በቀደመው ላይ አንድ ሦስተኛውን ከደረበ፣ አዲስ የሚጨምረው 18 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለ180 ዲግሪ 10 ፎቶ፣ ለ120 ዲግሪ 7 ፎቶ ይበቃል። የትራይፖዱ ጭንቅላት ላይ የዲግሪ ቁጥር ካለ በየ18 ዲግሪው መቁጠር ነው፤ ከሌለ ከፎቶው ጠርዝ በአንድ ሦስተኛ ርቀት ላይ ያለ ዛፍ ወይም ጣሪያ እያስታወሱ መሄድ።

ቀረጻውን ሳትጀምር አንድ ጊዜ በባዶ አዙር። እጅህ መንገዱን ይልመደው። ከዚያ አንዱን መዳፍህን በሌንሱ ፊት አድርገህ አንድ ፎቶ አንሳ፤ መጨረሻ ላይም እንዲሁ። ቤት ገብተህ ከብዙ መቶ ፎቶዎች መካከል የትኛው ዙር የት እንደጀመረ የሚነግሩህ እነዚህ ሁለት መዳፎች ናቸው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አቅጣጫህ በእርሱ ይወሰናል። ጀልባ ወደ ቀኝ እየሄደ ካሜራህንም ወደ ቀኝ ካዞርክ፣ ያው ጀልባ ሦስት አራት ቦታ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። በተቃራኒው ካዞርክ ግን አንዴ ታልፈዋለህ፤ አለቀ። በፍጥነት ለሚጓዝ ዳመናም እንደዚሁ ነው።

ብርሃኑ ሲለዋወጥ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ክፍል ነው።

ፀሐይ ከጠለቀችበት ደቂቃ አንስቶ የመጀመሪያው ድንግዝግዝታ እስኪያበቃ (ከአድማሱ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ) ድረስ ሐዋሳ ላይ 21 ወይም 22 ደቂቃ ያህል አለ። በጠራ ሰማይ በእነዚያ ደቂቃዎች የብርሃኑ መጠን ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ይህ ማለት በአማካይ በየ3 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። አሥሩን ፎቶ ለማንሳት 3 ደቂቃ የፈጀበት ሰው የመጨረሻው ፎቶ ከመጀመሪያው በግማሽ የጨለመ ይሆንበታል፤ ምንም እንኳን ካሜራውን ደህና አድርጎ ቢያስረውም። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ለጨረሰ ግን ልዩነቱ ፕሮግራሙ ያለ ችግር የሚያስተካክለው ትንሽ ነገር ነው። ፍጥነት እዚህ ላይ የጥራት ጉዳይ ነው።

መነሻ ጫፍህንም ምረጥ። ማታ ከጨለማው ጫፍ፣ ማለትም ከከተማው ጀምር፤ ወደ ሐይቁ፣ ወደሚበራው ሰማይ ጨርስ። አንተ እስክትደርስ የሚበራው ጫፍ ትንሽ ይደበዝዝልሃል፤ የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። ጠዋት ተቃራኒው ነው፦ ከሚበራው ጀምረህ ወደ ጨለማው ስትሄድ ብርሃኑ ከአንተ ጋር እየጨመረ ይመጣል። በአጭር ሻተር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሰከንዶች ሲፈጅ ግን ይታያል። ጀልባ ወይም ዳመና ካለ የእርሱ ሕግ ይቀድማል።

አሁን መጠበቅን ለምን እንደምመርጥ ልናገር። ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ሐይቁና ከተማው በአንድ ምስል ሲገቡ፣ የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ካሜራው ከሚችለው ያልፋል። ብዙ ሰው የሚያነሳው ግን ያን ጊዜ ነው፤ ፀሐይዋ ስትገባ እቃውን ሰብስቦ ይወርዳል። ከ8 እስከ 15 ደቂቃ ቢታገስ ሰማዩና ምድሩ ይቀራረባሉ። የምዕራቡ ሰማይ ብርቱካናማነቱን ሳይለቅ የከተማው መብራቶች አንድ በአንድ ይበራሉ። ወደ ምሥራቅ ዞር ካሉ ደግሞ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ከአድማሱ በላይ ግራጫ ሰማያዊ የሆነ ንጣፍ ይነሳል፤ ከበላዩም ሮዝ ቀለም ያለው ቀበቶ አለ። ግራጫው የምድር ራሷ ጥላ ነው፤ ከባቢ አየር ላይ ወድቆ የሚታይ። በግራ የፀሐይን ቅሪት፣ በቀኝ የምድርን ጥላ በአንድ ስፌት መያዝ ይቻላል። እኔ ፓኖራማ እንድወድ ያደረገኝ ይህ ነው።

ከ8ኛው እስከ 15ኛው ደቂቃ ባለው በዚያ 7 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ዙር አንሳ። በእያንዳንዱ ዙር መካከል ብቻ ሻተሩን አስረዝም፤ በዙሩ ውስጥ በፍጹም። ሻተሩ ከሩብ ሰከንድ በላይ ሲረዝም የ2 ሰከንድ መዘግየቻውን አብራ፤ የጣት ንክኪ ካሜራውን ያነቀንቀዋል።

ዳመና ሲመላለስ ያለው ችግር ሌላ ነው። ፀሐይ ገብታ ስትወጣ ከተማው በአንዱ ፎቶ ጥላ፣ በቀጣዩ ብርሃን ይሆናል። ይህን የሚያስተካክል ስፌት የለም። ዳመናውን ተመልክተህ የጥላውን መጠን ገምት፤ ጥላው መሬቱን ሁሉ የሚሸፍንበትን ወይም ሙሉ በሙሉ የሚለቅበትን ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ክረምት ላይ ዝናብ ባቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሩ ታጥቦ የማዶው ኮረብታ ቅርብ ይመስላል። ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር

ዳርቻው ላይ ሲወርዱ አዲስ ጣጣ ይመጣል። አንድ ጣት ከዓይን ፊት አቁሞ ግራና ቀኝ ዓይንን በየተራ መጨፈን ነው፤ ጣቱ ከጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ካሜራም ሲዞር ቅርብ ያለው ሸምበቆ ከሩቁ ኮረብታ አንጻር እንዲሁ ይዘላል፤ የዘለለውን ደግሞ መስፋት አይቻልም። መፍትሔው ካሜራው በራሱ አካል ላይ ሳይሆን በሌንሱ ውስጥ ብርሃን በሚገባበት ነጥብ ላይ እንዲዞር ማድረግ ነው።

ነጥቡን ለማግኘት ቅርብ ያለ ቀጭን እንጨትና ሩቅ ያለ ምሰሶ በአንድ መስመር አድርግ። ካሜራውን ግራና ቀኝ አዙር። ሁለቱ ከተለያዩ ካሜራውን በትራይፖዱ ላይ ወደ ኋላ ሳብ፤ እስከማይለያዩ ድረስ ደጋግም። ለዚህ የተሠራ ተንሸራታች ሐዲድ አለ፤ ከሌለህ ግን ሌንሱ ላይ ቀጭን ክር አስረህ ጫፉ ላይ ብሎን አንጠልጥል፤ ብሎኑ መሬት ላይ ካለ አንድ ጠጠር አናት ትክክል ሳይነቃነቅ እንዲቆይ እያደረግህ በእጅህ ይዘህ ራስህ ዙሪያውን ዙር። ዓመታት የሠራሁት በዚህ ክር ነው። ታቦር አናት ላይ ግን ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ በዚህ መጨነቅ አያስፈልግም።

አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው አካባቢ፣ ለጠዋት ምስል የበለጸገ ነው። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ይወርዳል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ ለረዥም ጊዜ ሳይነቃነቅ ስለሚቆም ለፓኖራማ ጫፍ መዝጊያ ከእርሱ የተሻለ ሕያው ነገር አላውቅም። ሰው ግን አስቀድሞ ይጠየቃል። አንድ ጠዋት መረብ ለሚያራግፉ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ «አባባ፣ ጀልባዎ ምስሉ ውስጥ ቢገባ ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። «ቅር አይለኝም፤ ግን ቶሎ በል ልጄ፣ ነፋሱ ሲመጣ ውሃው መስታወትነቱ ይጠፋል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ነጸብራቅ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ማለዳ መጨረስ አለበት፤ ቀኑ ሲገፋ ሐይቁ ይሸበሸባል።

ስፌቱ

ለማገጣጠም የምጠቀመው ሁጂን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ላይትሩምም ይሠራል፤ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ አያሳይም።

በመጀመሪያ ሮው ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ማስተካከያ ወደ ቲፍ (ጥራቱ ሳይቀንስ ወደሚቀመጥ የምስል ፋይል) ቀይር። አንዱን ለብቻው ማፍካት ወይም ማጥቆር ክልክል ነው። ከዚያ ፎቶዎቹን አስገብተህ እንዲያገጣጥም እዘዘው። ፕሮግራሙ በሁለት ተከታታይ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ነጥቦችን እየፈለገ ያስራቸዋል። ዝርዝሩን ከፍተህ ዳመናና ውሃ ላይ ያረፉትን ሰርዝ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የታሰረ ስፌት ሁሉን ያጣምማል። ጣሪያ፣ ግንድና ድንጋይ ላይ ያሉት ይቆዩ።

ማስተካከያው ላይ የብዙ ሰው ስህተት አለ፦ የሐይቁን ዳርቻ እንደ አድማስ ቆጥሮ ቀጥ ለማድረግ መሞከር። ከታቦር ላይ ስናይ ቅርብ ያለው ዳርቻ ዝቅ ብሎ፣ ሩቁ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቀጥ ካደረግነው ከተማው ይዘማል። በምትኩ በከተማው ካሉት ሕንፃዎች የሁለት ወይም የሦስቱን ጠርዝ መርጠህ «ይህ ቁም መስመር ነው» ብለህ ለፕሮግራሙ ንገረው።

ለአቀራረቡ (ዙሪያው በጠፍጣፋ ምስል ላይ ለሚዘረጋበት መንገድ) ስፋቱ ከ90 ዲግሪ በታች ከሆነ ቀጥታ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያቆየውን፣ ከዚያ ሲያልፍ ሲሊንደራዊውን ምረጥ። ሲሊንደራዊው በአጠገብህ የሚያልፍን ቀጥ ያለ አጥር ወይም የእግረኛ መንገድ እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ስታነሳ ጠበብ ያለ ምስል ይሻላል።

በመቀጠል የብርሃን ማመጣጠኛውን አስኪድ። በ30 ሰከንድ ውስጥ የተፈጠረውን ልዩነት እዚህ ላይ ያጠፋዋል። ግማሹ የተቆረጠ ጀልባ ወይም ሁለት ጊዜ የታየ ወፍ ካለ፣ ከአንደኛው ፎቶ ላይ በጭምብል ሸፍነው፤ ፕሮግራሙ ከሌላው ይወስዳል። በመጨረሻ ጠርዙን ቁረጥና ባለ 16 ቢት ቲፍ አድርገህ አስቀምጥ። ቀለምና ንጽጽር የሚነካው ከዚህ በኋላ፣ በአንዱ ሙሉ ምስል ላይ ነው።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው የስልኩን የፓኖራማ ቁልፍ ባይጠቀም ይሻለዋል፤ የሚሄድ ጀልባን ይጎትተዋል ወይም ይቆራርጠዋል። በምትኩ በማኑዋል ማስተካከያው፣ ከሌለም ስክሪኑን ተጭኖ ብርሃኑንና ጥራቱን በመቆለፍ፣ ለየብቻ ያንሳና በኮምፒውተር ይስፋ።

ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የተነሳ የ180 ዲግሪ ስፌት ወደ 26,000 ፒክስል ይሰፋል። ማተሚያ ቤት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢያትመው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከማሳተምህ በፊት ግን ምስሉን በሙሉ መጠኑ ከፍተህ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልክ ሂድ፤ እኔ አንድ ጊዜ ከሸራው ላይ ካተምኩት በኋላ ነው ክንፉ ብቻ የቀረ አባ ኮዳ ያገኘሁት።